መጥረጊያ የማይገባበት አዳራሽ

እንግዶቹና እኔ ከአዳራሹ የምንወጣው ቀድመን ነበር። አውቶቡሱ ከማብቂያው ደወል ጋር ይነሳል፤ እንግሊዞቹ ሆቴላቸው በር ላይ፣ እኔ ባቡር ጣቢያው ጋ እንወርዳለን። አለቃው ሃንጋይ-ሳንና ሠራተኞቻቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለምን እንደሚቀሩ እንግዶቹ ጠይቀው አያውቁም። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህም ይጠየቃል እንዴ ብዬ እገረም ነበር። ሰው ሥራውን ሲጨርስ የቆመበትን ወለል ይጠርጋል፣ ይወለውላል፣ መጥረጊያውን ቦታው ላይ ይሰቅላል። እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በኛ በጃፓን የባሕር ጠረፍ በየትኛውም የሥራ ቦታ እንዲህ ነው። ባለቤቴም እንዲህ ነበር።

አዳራሹ የቆመው በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል ከተጎዳው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ በስተደቡብ፣ የባሕሩ ድምፅ በሚሰማበት ሜዳ ላይ ነው። ውስጡ ከሪአክተሩ ሥር ያለው ክፍል አምሳያ በልኩ ከብረትና ከሲሚንቶ ተሠርቷል። እውነተኛው ክፍል ውስጥ ሰው አይገባም፤ የቀለጠው ነዳጅ እዚያ ወለል ላይ ረግቶ ተቀምጧል፣ ጨረሩም ሰው አያስጠጋም። ስለዚህ እንግሊዞቹና የኛ ሰዎች አብረው ረጅም፣ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ የብረት ክንድ ሠሩ። በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ ከወለሉ ላይ አንዲት ቅንጣት ይቆነጥራል፣ ይወጣል። ቅንጣቷ ከተመረመረች በኋላ ነው የቀረውን እንዴት እንደሚያነሱት የሚያውቁት። በአዳራሹ የምንለማመደው ይህን ነው። ገምጋሚዎች ልምምዱን ካጸደቁት ክንዱ በየካቲት ወደ እውነተኛው ቦታ ይሄዳል ተብሎ ነበር።

እኔ የሁለቱ ወገን አስተርጓሚ ነኝ። ሰንዳይ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬ፣ ማመንጫው አጠገብ ባለችው ከተማችን ለብዙ ዓመት አስተማርኩ። ከተማዋ በጨረሩ ምክንያት ስትለቀቅ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ባለቤቴ በልብ ሕመም ካረፈ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ጸጥታው በዝቶብኝ ነው ማለት እችላለሁ። ለሚጠይቀኝ ሰው ግን መኪና መንዳት የማይጠይቅ ሥራ ነው እላለሁ።

ሃንጋይ-ሳን ማመንጫው ውስጥ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ «ሳን» የአክብሮት መጠሪያችን ነው። ሙሽራ ሳለሁ ጀምሮ ያውቁኛል። አጭር፣ ድርቅ ያሉ፣ ሲስቁም ፊታቸው ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ናቸው። የክንዱ ዋና ነጂና የሠራተኞቹ አለቃ እሳቸው ነበሩ። በመጋቢት ስድሳ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል፤ ደንቡ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አይጨምርም።

የእንግሊዞቹን መሐንዲሶች የሚመራው ፓርኪን ይባላል። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ከሱቅ የሚገዛው በተጠበሰ ኑድል የተሞላ ዳቦ ነፍሱ ነው፤ ምሳው ሁልጊዜ እሱ ነው። አንድ ቀን ዳቦውን እየገመጠ ሃንጋይ-ሳንን ጠየቃቸው።

«እኔ አንተን ብሆን ይኼኔ ጡረታ ወጥቼ ዓሣ አጠምድ ነበር። ምን ያቆይሃል እዚህ?»

እኔ በአክብሮት «ምን ያቆይዎታል?» አድርጌ አቀረብኩት። ሃንጋይ-ሳን መጀመሪያ ከምሳ ዕቃቸው ውስጥ የመጨረሻዋን ጎምዛዛ የፕለም ፍሬ በሉ።

«ያን ቀን መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተርባይን ክፍል ነበርን» አሉ። «ውጡ ተባልን፤ ወጣን። ዘይት ፈሷል፣ ብሎን ተበትኗል፣ መሰላል ወድቋል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የቆምኩበትን ሳልጠርግ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።» የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠሙት። «እዚያ ገብቼ አንዲት ቅንጣት ባነሳ ይበቃኛል። የቀረውን ልጆቹ ይጨርሱታል።»

ፓርኪን ማኘኩን አቆመ።

«በየካቲት መቆጣጠሪያውን የምትይዘው አንተ ነህ» አለ። «ከፈለግህ ጫፉ ላይ መጥረጊያ አስርልሃለሁ።»

ስተረጉምላቸው ሠራተኞቹ ሳቁ። ሃንጋይ-ሳን ግን ነገሩን ከልባቸው አሰቡበት። «ይከብዳል» አሉ። «ክንዱ ጫፉ ላይ ክብደት አይወድም።»

ባለቤቴም ያን ቀን እዚያው ተርባይን ክፍል ነበር። ስለዚያ ቀን አውርቶኝ አያውቅም፤ እኔም ጎትጉቼው አላውቅም። ከተራራው ማዶ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት የስፖርት አዳራሽ ሲያገኘኝ በእጁ የያዘው አንድ መጥረጊያ ብቻ ነበር። እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የሰዉን መኝታ ዙሪያ በሱ ይጠርግ ነበር። ከአዳራሹ ዕቃ ቤት ያነሳው መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ኢዋኪ ከተማ ባለው ቤቴ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እኔ የምጠርግበት ሌላ አለኝ።

በመጸው መጀመሪያ የፓርኪን ሰዎች በጭነት መኪና ጆንያ አስመጡ። በጆንያው ውስጥ ጠጠር፣ የተሰባበረ ብረት፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ደግሞም እንደ ሲሚንቶ የላመ ግራጫ ብናኝ ነበር። እውነተኛው ወለል ምን እንደሚመስል በካሜራ ታይቷልና ያንኑ ሊያስመስሉ ነው። ቅዳሜ፣ የኛ ሰዎች በሌሉበት፣ እነሱው በአካፋ በተኑት። ሰኞ ጠዋት ፓርኪን በሠራተኞቹ ፊት ቆመ፤ እኔ ከጎኑ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ያለውን ምንም አትንኩ። እንዳለ ይቆይ።»

ተረጎምኩት። ሁሉም አንድ ላይ «እሺ» አሉ፤ ጎንበስ ብለው ወደየሥራቸው ሄዱ።

ልምምዱ ከተጠበቀው በላይ አማረ። ሃንጋይ-ሳን ሲነዱ ክንዱ ከጠጠር ጠጠር እየዘለለ ያልፋል። ሁለተኛዋ ነጂ ኤንዶ የምትባል፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ከጎናቸው ቆማ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጣቷን ቀስራ ጮክ ብላ ታረጋግጣለች። «ሁለተኛ መገጣጠሚያ፣ ትክክል!» እንግሊዞቹን መጀመሪያ ይህ ልማዳችን ያስቃቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከሆቴላቸው ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ ጣታቸውን ቀስረው «መኪና የለም፣ ትክክል!» ሲሉ አየኋቸው፤ እየቀለዱ አልነበረም።

ገምጋሚዎቹ በታኅሣሥ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዷ ሶሎሚያ የምትባል ከዩክሬን የመጣች ሴት ናት። የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በአገሯ በፈነዳው የቼርኖቢል ኒውክሌር ጣቢያ ውስጥ ነው። ትንሽ ናት፤ በጫማ መፍቻው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲዋ አውራ ጣቱ ጋ በሌላ ቀለም ክር ተጥፎ አየሁት። ሁለቱ ገምጋሚዎች የልምምዱን ምስል በስክሪን ሲያዩ እሷ የእጅ ባትሪ ለመነች። ነጭ ጓንት አጥልቃ ከአምሳያው ክፍል ሥር በደረቷ ተኝታ ገባች። ለረጅም ጊዜ እግሯ ብቻ ነበር የሚታየን።

ስትወጣ መዳፏን ዘርግታ ለፓርኪን አሳየችው።

«አቧራው የት ሄደ?»

«እዚያው ነው እንጂ። ሁለት ጆንያ ሙሉ ነው የበተንነው።»

«እስቲ መዳፌን እይ።»

ጓንቱ ነጭ ነበር። ፓርኪን አየው፤ ጭንቅላቱን አከከ።

«የአየር ማስወጫው ስቦት ይሆናል» አለ። «ቢሆንም ክንዱ ድንጋዩን፣ ብረቱን፣ ሽቦውን ሁሉ አልፏል። ውጤቱ ውጤት ነው።»

ከሌሎቹ ገምጋሚዎች አንዱ ራሱን ነቀነቀ። አየር ማስወጫው ሊሆን ይችላል አለ፤ ለማጽደቅ የሚያግድ አይመስለኝም አለ።

ሃንጋይ-ሳን አጠገቤ ቆመው ነበር። «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። የተባለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ እኔም ተከትዬ አየሁ። መጥረጊያዎቹ በልካቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል። ከሥራቸው የተጨመቁ የመወልወያ ጨርቆች ለመድረቅ ተሰጥተዋል። ያኔ እኔም ገባኝ።

«ሺጋ-ሳን፣ ንገሪያቸው» አሉ በባለቤቴ ስም ጠርተውኝ። «እኛ ነን የጠረግነው።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሃንጋይ-ሳን፣ ይህን ካሉ ልምምዱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በየካቲት መግባቱ ይቀራል። መጋቢትም ያልፋል» አልኩ።

«የወር አቆጣጠር አውቃለሁ።»

«አየር ማስወጫው ነው ብለዋል እኮ።»

«አየር ማስወጫ ጨርቅ ጨምቆ አያሰጣም» አሉ። «ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው።

ፓርኪን መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። «ጠረጋችሁት? መቼ?»

«በየማታው» አሉ ሃንጋይ-ሳን።

«ድንጋዩስ? ድንጋዩ እኮ በቦታው አለ።»

«ፎቶ እናነሳና እናወጣዋለን። ወለሉን ጠርገን፣ ወልውለን፣ መልሰን እንደነበረው እናስቀምጠዋለን። አንዲት ጠጠር ቦታዋን አልሳተችም።»

«ምንም አትንኩ ብዬ ነበር!»

«አዎ። ሥራ ላይ ምንም አልነካንም። የጠረግነው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ማስተባበል አልነበረም፤ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነበርና ለራሳቸውም ጭምር የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። ከኋላቸው ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ወለሉን ያያሉ። ኤንዶ ብቻ በሹክሹክታ፣ «እኔ ደግሞ ጥጉን በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳሁት» አለችኝ። ይህ ይተርጎም አይተርጎም ብዬ አመነታሁ፤ ተረጎምኩት።

ፓርኪን የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሳቁ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ነበር የታየው፤ ከዚያ አዳራሹን ሞላው። «ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቼን አንድ ቀን እንኳ ጥረጉ እያልኩ ስለምን ኖሬ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እዚህ መጥቼ በውድ የገዛሁትን ቆሻሻ ጠርገው ይጥሉልኛል።»

ሶሎሚያ አልሳቀችም። «እኛ ጋ ያስቸገረን አቧራው ነው» አለች። «ድንጋይ ካለበት አይነሳም። አቧራ ይከተላል። ካሜራ ውስጥ ይገባል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል።» ከዚያ ወደ ሃንጋይ-ሳን ዞረች። «እርስዎ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እርስዎ መዳፍዎን አይተውታል።»

«መዳፌ ማን እንደጠረገ አይናገርም።»

እጇን ዘረጋችላቸው። ሃንጋይ-ሳን እንደኛ ልማድ ጎንበስ ሊሉ ጀምረው ነበር፤ እጇን አይተው ቀና አሉና ጨበጧት። ጓንቷን አላወለቀችም ነበር።

በማግስቱ ብናኙ እንደገና ተበተነ፤ ሃንጋይ-ሳን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ክንዱ ገብቶ ገና ሲታጠፍ የሚጎትተው ኬብል አቧራውን እንደ ጭስ አስነሳው። ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ሦስተኛው መገጣጠሚያ ብናኝ በልቶ ነከሰና ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም እንቢ አለ። ከቀትር በኋላ ሰዎች ገብተው በእጅ ፈትተው አወጡት። እውነተኛው ቦታ ቢሆን የሚገባ ሰው የለም።

«እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር» አለ ፓርኪን። አሁን አልሳቀም። «ቀዳዳውንም ዘግቶ ነበር የሚቀረው።»

ሃንጋይ-ሳን ከወንበሩ ተነሥተው ለፓርኪን ጎንበስ አሉ፤ ለሶሎሚያም፤ ከዚያ ለሠራተኞቻቸው። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ሲያበቁ፣ «ከየት እንጀምር?» አሉ።

የብርዱ ወራት በዚህ ሥራ አለቀ። ሶሎሚያ ሁለት ሳምንት ልትቆይ መጥታ እስከ ጥር መጨረሻ ቆየች። አቧራ እንደማይነፋ፣ እንደማይጠረግም፣ በቀስታ እንደሚረጥብ ያስተማረችን እሷ ናት፤ ጭጋግ የመሰለ ቀጭን ውሃ የሚረጭ ቱቦ ከክንዱ ጋር ታሰረ። እንግሊዞቹ ኬብሉ ወለሉን እንዳይነካ የሚሸከሙ ትንንሽ መያዣዎች ሠሩ። ለመገጣጠሚያዎቹ የሚሆን እጅጌ በምን ጨርቅ እንደሚሰፋ የኛ ሰዎችና የፓርኪን ሰዎች ተከራክረው ተከራክረው ከሁለቱም ሐሳብ ግማሽ ግማሽ ወሰዱ። እኔ በሦስት ሰው መካከል ቆሜ ስለ ስፌት ሳስተረጉም ዋልኩ። ደክሞኝ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ነበር።

ብናኙን የመበተን ሥራ ለሃንጋይ-ሳን ተሰጠ። ይህ የፓርኪን ፍርድ ነው። «የጠረገ ራሱ ይበትን» አለ።

የመጀመሪያው ቀን ሃንጋይ-ሳን ከቤታቸው ወንፊት ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው፣ ከጥግ ጀምረው፣ የሩዝ ኬክ ላይ የአኩሪ አተር ዱቄት እንደሚነሰንስ ሰው እኩል እኩል አድርገው ነፉት። ወለሉ አዲስ በረዶ የጣለበት መሰለ።

ፓርኪን አይቶ ራሱን ያዘ። «ይህ እኮ በጣም ያምራል! እንደመጣልህ ወርውረው።»

«እንዴት ነው እንደመጣ የሚወረወረው?» ብለው ጠየቁኝ ሃንጋይ-ሳን። ከልባቸው ነበር።

«አለቃ፣» አለች ኤንዶ፣ «የሚጠሉት ሰው ቤት ገባሁ ብለው ያስቡ።»

«የምጠላው ሰው የለም።»

«ታዲያ የኔን ቤት ያስቡ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ማንም አይጠርገውም።»

ቀስ በቀስ ለመዱት። በመጨረሻ በግራ እጃቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወረውሩ ፓርኪን አጨበጨበላቸው።

የከበደው ማታው ነበር። መጥረጊያዎቹ ሁሉ ከአዳራሹ ወጥተው፣ በሩ ላይ መጥረጊያ ተስሎ በቀይ መስመር የተሰረዘበት ወረቀት ተለጠፈ። ደወሉ ሲደወል ሠራተኞቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ይቆማሉ። መሄድ አለባቸው፤ እግራቸው አይነሳም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወጥቶ የመኪና ማቆሚያውን መጥረግ ጀመረ። ሌሎቹ ተከተሉት። ከዚያ በኋላ አውቶቡሳችን ሲወጣ በመስኮት እናያቸዋለን፤ በመብራቱ ሥር ተሰልፈው ይጠርጋሉ። በጥር መጨረሻ ከአዳራሹ እስከ ዋናው መንገድ አንድ ደረቅ ቅጠል አይገኝም ነበር። የሰፈሩ ሊቀመንበር አንድ ሣጥን መንደሪን ይዞ ሊያመሰግን መጣ፤ ለምን እንደሚጠርጉ የነገረው ሰው ግን የለም።

አዲሱ ልምምድ በመጋቢት አጋማሽ ጸደቀ። ክንዱ በመጸው ይገባል ተባለ። በመጋቢት መጨረሻ ሃንጋይ-ሳን ተሰናበቱ።

የስንብቱ እራት ወደቡ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ነበር፤ የባሕር ሰይጣን የሚሉት ዓሣ በድስት እየተንተከተከ ቀረበ። ሃንጋይ-ሳን ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ከወትሮው ትንሽ አብዝተው ነበር። ኤንዶ ስትቀዳላቸው፣ «አለቃ፣ አንድ ስሞታ አለኝ» አለች። «የነጂውን ወንበር ዝቅ አድርገው ለራስዎ ቁመት አስተካክለውታል። እኔ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ነው የምነዳው።»

«ለምን አላስተካከልሽውም?»

«የእርስዎ ነዋ።»

ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ነገ ከፍ አድርጊው» አሉ። «እንደቁመትሽ። ከዚያ ማንም ዝቅ አያድርገው።»

ኤንዶ መልሳ ቀዳችላቸው። ሃንጋይ-ሳን ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ጥሩ ቀልድ ሊነግሩኝ እንደሆነ አወቅሁ፤ ያን ሲያደርጉ ቅንድባቸው ከፍ ይላል።

«ያን ቀን ባለቤትሽ ሺጋ ምን ይዞ እንደወጣ ነግሮሻል?»

«ስለዚያ ቀን አያወራም ነበር።»

«መጥረጊያ!» አሉ። «ሁላችን ወደ ኮረብታው እንሮጣለን፤ እሱ መጥረጊያ ይዞ ይሮጣል። ጣለው እንጂ አንተ ሰው፣ ትወድቃለህ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ስንመለስ እንጠርግበታለን አለኝ። ጨለማ ውስጥ እስክንለያይ ድረስ አልጣለውም። ሞኝ ነበር እኮ።»

«እጀታው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎበታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አዎ፤ እጁ እንዳይላጥ። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ቤት አለ» አልኩ።

ተነሥቼ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ። ስመለስ ኤንዶ ከዓሣው ጉበት ትልቁን ቁራጭ ሳህኔ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

ክንዱ የገባው በመጸው፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ነው። ኤንዶ የምትነዳው ማመንጫው ግቢ ካለው የርቀት መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር። እኛ አዳራሹ ውስጥ ባለችው የስክሪን ክፍል ተቀምጠን ምስሉን እንከታተላለን፤ ፓርኪን ችግር ከመጣ በስልክ ሊያግዝ፣ እኔ ልተረጉምለት። ሃንጋይ-ሳን በእንግድነት ተጋብዘው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው መጡ። ሶሎሚያ ከቤቷ በቪዲዮ ገብታ በጥጉ ስክሪን ላይ ትታየናለች፤ ከኋላዋ የወጥ ቤት መደርደሪያና ድስት ይታያል።

ጠዋት ስገባ የያዝኩትን ረጅም ጥቅል በር ላይ ያለው ጥበቃ እንድፈታው ጠየቀኝ። ፈታሁት። በጨረር መለኪያው ከላይ እስከ ታች ፈተሸው። «ንጹሕ ነው» አለ። «ግን ሺጋ-ሳን፣ እኛም ጋ መጥረጊያ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

የኤንዶ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ይመጣል። «አንደኛ መገጣጠሚያ፣ ትክክል! ሁለተኛ፣ ትክክል!» ክንዱ በቀዳዳው አለፈ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ወለል መጣ፤ ይኸኛው ግን እውነተኛው ነው። ግራጫ፣ እብጠት እብጠት ያለበት፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ያለበት። አቧራው እንደ ሕፃን ጸጉር ለስልሶ ተኝቷል። ሃንጋይ-ሳን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «በጣም ቆሽሿል» አሉ ቀስ ብለው። አልተረጎምኩትም።

«ሦስተኛ መገጣጠሚያ!» አለች ኤንዶ፤ ያ በታኅሣሥ ነክሶ የቆመው ነው። «ትክክል!»

ጭጋጉ ተረጨ። ግራጫው ጠቆረና ካለበት ሳይነሳ ቀረ። ጣቶቹ ወረዱ፣ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። መጀመሪያ ምንም አልያዙም። ኤንዶ መለሰቻቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሱ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ነገር በመካከላቸው ነበረች።

ክንዱ ወጣ፤ ቅንጣቷ ሣጥኗ ውስጥ ገብታ ክዳኑ ተገጠመ። ከዚያ ፓርኪን ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረና በሚሰባበር ጃፓንኛ፣ «ቅንጣት፣ ትክክል» አለ።

ሶሎሚያ በጥጉ ስክሪን ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አለቃ፣ እዚያ ነዎት?» አለ የኤንዶ ድምፅ።

«አለሁ።»

«አነሳነው።»

«አይቻለሁ» አሉ ሃንጋይ-ሳን። ድምፃቸውን ጠረጉ። «ወንበሩ ተመቸሽ?»

«ተመችቶኛል።»

«በይ ቦታሽን ሳትጠርጊ እንዳትወጪ።»

ጥቅሌን ፈትቼ መጥረጊያውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። እጀታውን አዩት። ጥቁሩን ጨርቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ምንም ሳይሉ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አንጠለጠሉ፤ ክራባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱና መጥረግ ጀመሩ። የስክሪን ክፍሉ ወለል ላይ ከፓርኪን የዳቦ ፍርፋሪ በቀር ምንም አልነበረም። ሃንጋይ-ሳን ግን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከወንበሮቹ ሥር፣ ከበሩ ጀርባ ጠረጉት። ፓርኪን በጉልበቱ ተንበርክኮ ማፈሻውን ያዘላቸው።

«በግራ በኩል ያለው ጥግ ቀርቷል» አለች ሶሎሚያ ከስክሪኑ።

ሃንጋይ-ሳን ተመልሰው የግራውን ጥግ ጠረጉ።

ሲጨርሱ ፓርኪን መጥረጊያውን ተቀብሎ አየው፤ ነገሩን ማን እንደነገረው አላውቅም። «አዳራሹ ውስጥ በክብር እንስቀለው?» አለኝ። «በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንስተን?»

«አይሆንም» አልኩት። «ያመጣሁት ለዛሬ ነው።»

ወደ ኢዋኪ ስመለስ አውቶቡሱ ላይም ባቡሩ ላይም በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ ያዝኩት። አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው አዩኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ቤት ስገባ ከበሩ ጀርባ በቦታው ሰቀልኩት። በማግስቱ ጠዋት የጎረቤቱ ዛፍ ቅጠል ደጄን ሸፍኖት አገኘሁ። ያንን መጥረጊያ አውርጄ ጠረግሁበት፤ ከኔ ደጅ አልፌ የጎረቤቱንም ትንሽ ጨመርኩለት።